ሦስት ፍራሽ፣ አንድ ጣሳ

ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ፍቅሩ... እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ። የቤት ኪራይ ቀን እስኪደርስ ድረስ ማለቴ ነው!

ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ልጽፍላችሁ ነበር ሐሳቤ። ግማሹንም ጽፌው ነበር። ግን በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ። የላከችልኝ ልጅ የግል ኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ሁለተኛ ዓመት። ከሁለት ልጆች ጋር ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ይኖራሉ። ስሟንም ሰፈሯንም እንዳልጠቅስ ለምናኛለች። ባትለምነኝም አልጠቅስም፤ የዚህ ዓምድ ደንብ ነው። መልእክቷ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

“...ለአስቤዛ ያዋጣነው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ጎደለ። እኔና አንደኛዋ አብሮ አደግ ስለሆንን እንተማመናለን። ሦስተኛዋ ግን ከክፍለ ሀገር የመጣች ናት። ዝምተኛ ናት፤ ምን እንደምታስብ አይታወቅም። እሷ ካልሆነች ማን ይሆናል? ወሩ ሲሞላ ልናስወጣት ወስነናል። ውሉ በእኔ ስም ስለሆነ መብት አለኝ አይደል? እንዴት ብዬ ብነግራት ይሻላል?”

አያችሁልኝ? “እናስወጣት ወይ?” ብላ አልጠየቀችም። “እንዴት ብለን እናስወጣት?” ነው ያለችው። ፍርዱ አልቋል። ከእኔ የምትፈልገው የፍርዱን ወረቀት በጥሩ አማርኛ እንድጽፍላት ብቻ ነው።

እህቴ፣ እባክሽ ቆዪ! ወሩ እስኪሞላ ጥቂት ቀን አለሽ። ከመልሴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገርሽ። የማን ታሪክ መሰለሽ? የራሴው ነው። ለማንም አውርቼው አላውቅም። የሚያኮራ ስላልሆነ!

እኔ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ግቢ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አላውቀውም። በ2008 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ሲሰረዝ፣ ሁለተኛ ከተፈተኑት ውስጥ አንዷ ነኝ። የመጀመሪያው ቢቀጥል ኖሮ አልፍ ነበር እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። ይሁንና አላለፍኩም። ከዚያ ወዲያ እዚህም እዚያም ሠራሁ፤ ለጋዜጣ መጻፍም ጀመርኩ። የሚከፈለኝ በጽሑፍ ቁጥር ነው። ያልጻፍኩ ሳምንት ያልበላሁ ሳምንት ነው በሉት።

በእንዲህ ዓይነት ገቢ ብቻን ቤት መከራየት የማይታሰብ ነው። በ2015 ዓ.ም መስከረም ላይ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ስቱዲዮ አገኘሁ። ኪራዩ 7,500 ብር። አከራይዋ የሦስት ወር ቅድሚያ አሉ። ሃያ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ከየት ይመጣል? ደባል ፍለጋ ወጣሁ። ሁለት የግል ኮሌጅ ተማሪዎች አገኘሁ። አንዷ አካውንቲንግ፣ አንዷ ነርሲንግ ይማራሉ። ስማቸውን ስለማልጠቅስ አካውንቲንጓና ነርሷ እያልኩ ልቀጥል። ሦስታችንም እኩል አዋጣን። ውሉ ላይ ግን በዕድሜም በሥራም የሚሻል መታወቂያ ያለኝ እኔ ስለነበርኩ የእኔ ስም ብቻ ተጻፈ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ስቱዲዮ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ቤቶቹ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ተብለው ነው የተከፈሉት። ስቱዲዮ ማለት መኝታ የሌለው ማለት ነው። ወይም ሁሉም ነገር መኝታ የሆነበት! አንድ ክፍል ነው። ጥግ ላይ ማብሰያ አለ። የራሱ በር ያለው መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ማልቀስ የፈለገ መታጠቢያ ቤት ይገባል። በስልክ ከፍቅረኛው ጋር መጣላት የፈለገም መታጠቢያ ቤት ይገባል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ መታጠቢያ ቤት የማይገባው ለመታጠብ ብቻ ነበር።

ሦስት ስፖንጅ ፍራሽ በሦስቱ ግድግዳ ሥር አነጠፍን። የእኔ በበሩ በኩል፣ የአካውንቲንጓ በመስኮቱ፣ የነርሷ ከማብሰያው አጠገብ። ከማብሰያው አጠገብ መተኛት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ማታ ሽንኩርት ስናቁላላ ትራሷ ላይ ነው የምናቁላላው። ቅሬታ አቅርባ አታውቅም። እኛም ዝም ማለቷን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

ዩኒቨርሲቲ የገቡት ጓደኞቼ ስለ ዶርም ሲያወሩ ብዙ ሰምቻለሁ። ተደራራቢ አልጋ፣ የጋራ ሻወር፣ የሚያንኮራፋ ልጅ፣ የጠፋ ቻርጀር... ግን ዶርም ፕሮክተር አለው። ካፌ አለው። ዶርሜትህ ቢያስጠላህ ላይብረሪ ገብተህ ማምሸት ትችላለህ። አልጋውንም ምግቡንም፣ ወጪ መጋራት ከመጣበት ከ1996 ዓ.ም ወዲህ ተመራቂው በኋላ ድርሻውን የሚከፍለው ቢሆንም፣ ለጊዜው መንግሥት ያቀርበዋል። የግል ኮሌጅ ተማሪ ግን መኝታውን ራሱ ይፈልጋል። የእኛ ቤት ፕሮክተርም፣ ካፌም፣ ላይብረሪም ያው አንዷ ክፍል ናት። ብትጣላ የምትሄድበት የለም። ጀርባህን ሰጥተህ መተኛት ነው! ግድግዳውም እየተመለከተህ ያድራል።

መጀመሪያ ላይ ግን ደስ የሚል ኑሮ ነበር። አልዋሽም። አካውንቲንጓ ሙስሊም ናት፤ እኔና ነርሷ ኦርቶዶክስ ነን። ሥጋ የሚሠራበት ድስት የእሷ ለብቻ፣ የእኛ ለብቻ አደረግን። ሽሮና ምስሩ ግን የጋራ ነው። በጾም ወቅት ሦስታችንም አንድ ትሪ ላይ እንቀርባለን። ለሱብሂ ስትነሣ የስልኳ ማንቂያ እኛንም ይቀሰቅሰናል። እኛም በተራችን እሑድ ንጋት ላይ እናንኳኳለን። በረመዳን ነርሷ ከሆስፒታል ፕራክቲስ ስትመለስ ቴምር ገዝታ ትመጣለች። “ለማን ነው?” ስንላት “ለቤቱ” ትላለች። ቤቱ! እኔ እስከ ዛሬ “ክፍሏ” እንጂ “ቤቱ” ብዬ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። የነርሷ ቤተሰቦች አማራ ክልል ነው የሚኖሩት። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ባለው ጊዜ መንገዱም ኔትወርኩም እንደልብ አልነበረም። አባቷ የሚልኩላት ገንዘብ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ አንድ ወር ይዘገይ ጀመር። ኪራይ ስታዘገይ “ትንሽ ታገሱኝ” ትላለች፤ ሲደርሳት ቆጥራ ትሰጣለች። አንድም ወር አስቀርታ አታውቅም። ግን ቤት ውስጥ ሰው ሲቸግረው ሌላው ዓይኑ ይከፈታል። ሳሙናው ቶሎ ያለቀ መሰለን። ዘይቱ የቀነሰ መሰለን። አካውንቲንጓ የስኳሩን ጣሳ በእስኪርቢቶ ምልክት አደረገችበት። እኔም አይቼ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ጣሳው ልምጣ።

የጋራ ወጪያችንን የምናስቀምጠው በአንድ ባዶ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ነበር። ለመብራት ካርድ፣ ለውኃ ተሸካሚ፣ ለሽንኩርት፣ ለዘይት። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ እኩል እናዋጣለን። ማንም የፈለገችውን ታወጣለች፣ ስትመለስ “ይህን ያህል ወስጃለሁ” ትላለች። ደብተር የለም፣ ፊርማ የለም። መተማመን ነዋ! ጎበዝ፣ መተማመን ጥሩ ነገር ነው። ግን መተማመን የሂሳብ መዝገብ አይደለም።

ጥር 2016። ጣሳውን ስከፍት 1,500 ብር ጎድሏል። ቆጠርኩ፣ ደገምኩ። አካውንቲንጓን ጠየቅኳት፤ “ወላሂ አልነካሁም” አለች። እኔም አልወሰድኩም። ወይም አልወሰድኩም ብዬ አስቤያለሁ። ሁለታችን ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ከማብሰያው አጠገብ ያለውን ባዶ ፍራሽ አየን። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ነበረች።

ምን አደረግን መሰላችሁ? ጠየቅናት? አልጠየቅናትም! ብንጠይቃት ይሻል ነበር። ጣሳውን ከመደርደሪያው አንሥተን የእኔ ሻንጣ ውስጥ ቆለፍንበት። እሷ ስትገባ ወሬ እናቆማለን። አካውንቲንጓ ቦርሳዋን ይዛ መታጠቢያ ቤት መግባት ጀመረች። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ፣ አንድ ቀን ነርሷ እየሰማች በስልክ ለእህቴ “በዚህ ዘመን አብሮሽ የሚበላን ሰው እንኳ ማመን አይቻልም” አልኩ። እህቴ ስለ ምን እንደማወራ አልገባትም። ነርሷ ግን ገባት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ልጣ ጨረሰች፣ ወጡን ሠራች፣ ለሦስታችን አቀረበች፣ እሷ አልበላችም።

በሣምንቱ “ሌላ ቤት አግኝቻለሁ” አለች። ማንም ለምን አላላትም። እንዲያውም ቀለል አለን፤ በአፋችን ሳናስወጣት ራሷ ወጣችልን! ቅድሚያ ከፍላው የነበረውን ድርሻዋን ስመልስላት 1,500 ብር ቀንሼ ሰጠኋት። ስትቆጥረው ጎደለ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። ከዚያ ብሩን አጥፋ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ከግቢ ዕቃ ሲወጣ ጥበቃው እንደሚፈትሽ ታውቃላችሁ። የውል ባለቤቷ እኔ ስለሆንኩ ፈርሜ ማስወጣት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ፈረምኩ። ግን ለጋሼ ጥበቃው ቀደም ብዬ “ሻንጣዋን በደንብ ይዩት” ብያቸው ነበር። እሳቸውም አዩት። በሰው ፊት። ፍራሿን በገመድ አስራ ተሸክማ ስትሄድ ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት አየኋት።

አሁን ምን ይመጣል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ግንቦት ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬ አንኳኩ። ደግሞ ለውኃ መግፊያ ሞተር ተዋጡ አሉ። እኔ ተቆጣሁ። “እትዬ፣ ያለፈውንም እኮ አልሰጠንም፤ አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ከየት እናምጣ?” አልኳቸው።

“የኔ ልጅ፣ ያለፈውንማ ከፍላችኋል።”

“ማን ከፈለ?”

ደብተራቸውን ገለጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። “ይኸውና፣ ጥር ላይ። አንድ ሺህ አምስት መቶ። አንቺው ነሽ የሰጠሽኝ፤ ማለዳ ነበር፣ እንቅልፍሽን ሳትጨርሺ። ፊርማሽ አይደለም እንዴ?”

ፊርማዬ ነበር። ጠማማዋ፣ ጅራቷ የረዘመው የራሴ ፊርማ። ያን ሌሊት ስጽፍ አድሬ ጎህ ሲቀድ ነበር የተኛሁት። በሩ ሲንኳኳ ተነሥቼ፣ ከጣሳው አውጥቼ፣ ሰጥቼ፣ ፈርሜ፣ ተመልሼ ተኝቻለሁ። በቃ ይኸው ነው። ስነሣ ምንም አላስታወስኩም። ደረሰኙን የሚጽፍልኝ ደብተሬ ውስጥ ገጽ ምልክት አድርጌው ተገኘ። አራት ወር ሙሉ በየቀኑ እጄ ላይ የነበረ ወረቀት!

እግሬ ከዳኝ። አካውንቲንጓ ከኮሌጅ ስትመለስ ደረሰኙን ሰጠኋት። አነበበችው። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ “ስኳሩ ላይ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ” አለችና አለቀሰች። መታጠቢያ ቤት እንኳ አልገባችም፤ እዚያው ፊቴ ነው ያለቀሰችው።

በማግሥቱ ለነርሷ ደወልኩ። መዝጋት መብቷ ነው ብዬ ነበር። አነሣችው። የተፈጠረውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ አንዱንም አላስቀረሁም። ስጨርስ “አውቄ ነበር” አለችኝ።

“ምኑን?”

“እናንተ አልወሰዳችሁም፣ እኔም አልወሰድኩም። ስለዚህ የሆነ ነገር ተከፍሎበት ነው ብዬ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

ወዳጆቼ፣ ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማን ጠየቃት? እውነትም ማንም። ጣሳ ቆለፍን፣ ቦርሳ ደበቅን፣ በስልክ በአሽሙር ተናገርን፣ ብር ቀነስን፣ ሻንጣ አስፈተሽን። “ገንዘብ ጎድሏል፣ ታውቂያለሽ ወይ?” የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከአፋችን አላወጣንም። ብንጠይቃት ምናልባት “ቆዩ፣ ያን ሰሞን ለሞተር ተዋጡ ሲባል አልነበረም?” ትለን ነበር። የብሎኩን ማስታወቂያ ከእኛ መሃል የምታነበው እሷ ብቻ ነበረች እኮ!

ብሩን ያኔውኑ በቴሌብር ላክሁላት። “ደርሶኛል” ብላ ጻፈች። ይቅርታ ጠየቅሁ። “እግዚአብሔር ይቅር ይበለን” አለች። ልትዘጋ ስትል ግን አንድ ነገር ለመነችኝ። “ለጋሼ ጥበቃው ንገሪያቸው” አለች። “ብሩስ ብር ነው። ሌሊት ከተረኛ ስመለስ በር የሚከፍቱልኝ እሳቸው ነበሩ። ሌባ እንዳልሆንኩ ይወቁልኝ።”

ወረድኩ። አራት ፎቅ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ጋሼን ከበሩ አጠገብ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ “እኔማ ሻንጣዋን አይቼው የለ? ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ነጭ ጋውን፣ አንድ ነጠላ ነበር። ‘በደንብ ይዩት’ ስላልሽኝ ነው እንጂ እኔ አፍሬ ነበር” አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እስከ ዛሬ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ግን ከዚያ በፊት “እንደምን አደርሽ ልጄ” ነበር የሚሉኝ። አሁን “እንደምን አደርሽ” ብቻ ነው።

ነርሷ ወደ ቤቱ አልተመለሰችም። እኔም ተመለሽ ለማለት አፍ አልነበረኝም። በበዓል እንደዋወላለን። ዝምተኛ ናት ብለን ነበር፤ ለካ ስትናገር የሚሰማት ስላጣች ነው። ይኸው ነው ታሪኩ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ፣ እህቴ። ከዚህ ሁሉ ያተረፍኩትን ልንገርሽ። ሌሎቻችሁም በዶርም፣ በስቱዲዮ፣ በሰርቪስ ቤት ከሰው ጋር የምትኖሩ አብራችሁ ስሙ።

አንደኛ፣ ጠይቂያት። ዛሬውኑ፣ ሦስታችሁም በተሰበሰባችሁበት። “ወስደሻል ወይ?” ብለሽ አይደለም፤ እሱ ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው። “ገንዘቡ ጎድሏል፣ ሦስታችንም ከወር መጀመሪያ ጀምሮ ያወጣነውን እናስታውስ” በዪ። ከራስሽ ጀምሪ። ኪስሽን፣ ቦርሳሽን፣ ደብተርሽን፣ የቴሌብር መልእክትሽን ፈትሺ። ጓደኛሽም እንዲሁ። አብሮ አደግ መሆን ከመርሳት አያድንም። አንቺና እሷ እርስ በርስ ስለተማመናችሁ ብቻ ሦስተኛዋ ጥፋተኛ አትሆንም። ሁለት ሰው በአንድ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ምስክሯ እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ደብተር አብጁ። አንድ ደብተር፣ እስኪርቢቶው በክር የታሰረ፣ ከጣሳው አጠገብ። ቀን፣ የወጣው ብር፣ ለምን፣ ፊርማ። ደረሰኝ ካለ እዚያው ይለጠፍ። “ለጓደኛ ደብተር ምን ያደርጋል?” የሚል ሰው አይጠፋም። የሚያስፈልገው ጓደኝነቱ እንዲቆይ ነው። ለባዳማ ጠበቃ ይበቃል!

ሦስተኛ፣ ገና ሳትገቡ ተነጋገሩ። መብራት በስንት ሰዓት ይጠፋል? የሌሊት ተረኛ ቀን ስትተኛ ሙዚቃው ምን ይሆናል? እንግዳ ማደር ይችላል ወይ? ፍቅረኛስ? ዕቃ ማጠብ ተራው የማን ነው? ድስቱ የጋራ ነው ወይስ የተለየ? ከማብሰያው አጠገብ የምትተኛዋስ በየስንት ጊዜው ትቀየራለች? እኛ ስንት ነገር ስንጫወት ይህንን አንድ ቀን አልተነጋገርነውም። ስቱዲዮ ግድግዳ የለውም። ግድግዳ የሚሆናችሁ የተነጋገራችሁት ነገር ነው።

አራተኛ፣ አንዷ ስትቸገር ሌሎቻችሁ ዓይናችሁን ከእሷ ላይ አንሡ። ኪራይ ያዘገየች ሁሉ ሌባ አይደለችም። ገንዘብ ያጣ ሰው በቤቱ ውስጥ ለጎደለው ሁሉ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ ከሌላው ይልቅ ይጠነቀቃል። ነርሷ ስኳር አቁማ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፤ ምልክቱን አይታው ኖሯል።

አምስተኛ፣ ስለ ውሉ። “ውሉ በእኔ ስም ስለሆነ መብት አለኝ አይደል?” ብለሻል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳት ነገር ይህቺ ናት። እኛ ቤት የሆነው ሁሉ የሆነው ስሜ ወረቀቱ ላይ ብቻውን ስለነበር ነው። ሦስታችን እኩል እየከፈልን፣ ሂሳብ የምቀንሰውም፣ የመውጫ ወረቀት የምፈርመውም እኔ ነበርኩ። እሷ በእጇ ምንም አልነበራትም። አሁን በ2016 ዓ.ም የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1320። የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜም አይሆንም። ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ስለዚህ ስትዋዋሉ ሦስታችሁም ተከራይ ሆናችሁ ስማችሁ ይግባ። አከራዩ አንድ ስም ብቻ ካለ ደግሞ እናንተ እርስ በርስ አንድ ወረቀት ጻፉ፤ ማን ስንት ከፈለ፣ መውጣት ያለባት ስንት ቀን ቀድማ ታሳውቃለች፣ ቅድሚያዋ እንዴት ይመለስላታል። ሦስታችሁም ፈርማችሁ አንድ አንድ ያዙ።

ስምሽ ወረቀት ላይ መኖሩ መብት ሊሰጥሽ ይችላል፣ እህቴ። ትክክል ግን አያደርግሽም። እኔ መብት ነበረኝ። የተሳሳትኩትም በመብቴ ነው።

“ጠይቀናት ሁሉንም ፈትሸን በእርግጥ እሷ ሆና ብትገኝስ?” ትዪኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። አብረው ከሚኖሩ መሃል የሚሰርቅ ሰው የለም አልልሽም። ያኔም ቢሆን በፊቷ ንገሪያት። የወሰደችውን አስልታችሁ፣ የቀረውን ድርሻዋን መልሳችሁ፣ ሌላ ቤት እስክታገኝ ቀን ሰጥታችሁ ተለያዩ። ለጥበቃ፣ ለኮሌጅ ልጅ፣ ለሰፈር ወሬ አታድርጓት። ገንዘብ ይመለሳል። እኔ ብሩን በአንድ ደቂቃ መልሻለሁ። “ልጄ” የምትለዋን ቃል ግን ከጋሼ አፍ እስካሁን መመለስ አልቻልኩም።

በይ እህቴ፣ ማታ ስትሰበሰቡ ቡና አፍሉ። መጀመሪያ ፍራሿ የት እንደተነጠፈ ተመልከቺ። ከዚያ ጠይቂያት። የሆነውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ለሁላችሁም፣ ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር እንሰንብት!